ለጋራ የሸክላ ማምረቻ የትኛው ማቃጠያ ይሻላል? እንጨት፣ ጋዝና ኤሌክትሪክ ከጅማ አንጻር

ሸክላ ሠሪዎች ተደራጅተው ሼድ ሲያገኙ ወይም ገንዘብ ሲያዋጡ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ማቃጠያው ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን አራተኛ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ምን እንደሚቃጠልበት መታወቅ አለበት። ቀጥሎ ምን ዓይነት መስመር ወይም ማገዶ ሳይቋረጥ እንደሚገኝ፣ ከዚያም ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ይጠየቃል። ዋጋው እነዚህን መልሶች ተከትሎ ይመጣል። ይህን ተራ ያልጠበቀ ማኅበር 1300 ዲግሪ የሚደርስ ውድ ዕቃ ገዝቶ በ900 ዲግሪ ጀበና ሲያቃጥልበት ይኖራል፤ ወይም ምጣድ የማያስገባ ምድጃ ታቅፎ ይቀመጣል።

የእኔን አቋም ከአሁኑ ልናገር። ለጅማ የጋራ ማምረቻ አንድ ትልቅ፣ ሁሉን ይችላል የተባለ ምድጃ መግዛት አልመክርም። መካከለኛ የሆነ ባለ ሦስት ፌዝ (ኃይሉ በሦስት መስመር የሚካፈልበት) የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከአጠገቡም በጡብ የተሠራ ቀላል የእንጨት ምድጃ ቢኖር የሁሉም ሥራ ቦታ ያገኛል። አቅም ለአንዱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምርጫው በምታመርቱት ዕቃ ይወሰናል።

መጀመሪያ ዕቃው

ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በሣር የሚቃጠል ሸክላ ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያገኛል። ይህ የሚናቅ ሙቀት አይደለም። ጭቃ በግምት ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው ጊዜ ውስጥ ከአፈሩ ጋር ተዋህዶ የነበረውን ውኃ ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ ውኃ ቢነካውም ተመልሶ ጭቃ አይሆንም። ድስትና ምጣድ ደግሞ እሳት ላይ የሚውሉ ስለሆኑ ሸካራና ውኃ የሚመጥ ገላ ያስፈልጋቸዋል። ሸክላ ሠሪ እናቶች ገል ፈጭተው ወይም አሸዋ ጨምረው ጭቃውን የሚያቦኩት ለዚህ ነው፤ የሚጀምረው ስንጥቅ የገሉ ቅንጣት ጋ ሲደርስ ይቆማል። ያንኑ ድስት 1150 ዲግሪ ብታደርሱት ጠንክሮ፣ ሲነካ ጥርት ያለ ድምፅ እየሰጠ ይወጣል፤ ገዢዋ ቤት ወስዳ ከሰል ላይ ስትጥደው ግን ይሰነጠቃል። ቀይ አፈር በብረት የበለጸገ ስለሆነም በዚያ ሙቀት ሊያብጥ፣ ሊጣመም፣ ከመደርደሪያው ጋር ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ሙቀት በጨመረ ቁጥር ሸክላው ይሻላል የሚለው የሻጮች አነጋገር ለድስትና ለምጣድ አይሠራም።

ጀበና ሌላ ነገር አለበት፤ ቀለሙ። ገበያው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ጀበና ይወዳል። ጥቁረቱ የሚመጣው ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን በሸክላው ቀዳዳ ሲገባ ነው፤ ገና ትኩስ እያለ በቅጠል፣ በጭድ ወይም በሰጋቱራ ሲታፈን። በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ጭስ የለም፤ አየሩ ንጹሕ ስለሆነ በአፈሩ ያለው ብረት ሙሉ በሙሉ ይቀላል፤ ጀበናውም ቀይ ሆኖ ይወጣል። «እዚያው ውስጥ ትንሽ ቅጠል ብንጨምርስ?» የሚል አይጠፋም። ፈጽሞ አይደረግም። ጭሱ ረዚስታንሱን (የሚያሞቀውን ጥምጥም ሽቦ) የሚጠብቀውን የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያበላሽ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። መፍትሔው ሁለት ደረጃ ነው፤ ጀበናው በኤሌክትሪክ እስከ 850 ወይም 900 ዲግሪ ይቃጠልና ከበረደ በኋላ በሰጋቱራ ወይም በቡና ገለባ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይታጠናል። በድንጋይ የተወለወለ ፊት ደግሞ ከ1000 ዲግሪ በላይ ሲሄድ ውበቱን ያጣል፤ እዚህም ዝቅ ያለው ሙቀት ይመረጣል።

ሆቴሎችና ካፌዎች የሚጠይቁት በግሌዝ (ሲቃጠል ቀልጦ እንደ መስታወት በሚሆን ቅብ) የተሸፈነ ሲኒ፣ ሳህንና የአበባ ማስቀመጫ ነው። ይህ ሁለት ጊዜ ይቃጠላል፤ መጀመሪያ ወደ 1000 ዲግሪ ያለ ግሌዝ፣ ከዚያም ግሌዙ ተቀብቶ፣ ለቀይ ሸክላ በተዘጋጀ ግሌዝ ከሆነ ከ1000 እስከ 1100 ባለው። ከሜዳ እሳት ይህን ማግኘት አይቻልም፤ አመድና ጭስ ግሌዙን ያበላሹታል፣ ሙቀቱም አይጸናም። 1220 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሚጠይቀው ነጭና ድፍን ሸክላ ሌላ ጭቃ ይፈልጋል፤ ካኦሊን ከሚባለው፣ ከጉጂ በኩል ከቦምቦዋ ከሚወጣ ነጭ አፈር ጋር የሚቀመም። ለጀማሪ ማኅበር ይህን ዛሬ ማቀድ አስፈላጊ አይመስለኝም። የሚበላበትና የሚጠጣበት ዕቃ ግሌዝ ግን በምንም ሙቀት ቢሆን እርሳስ (ሊድ) የሌለበት መሆኑ በጽሑፍ ተረጋግጦ ይገዛ።

ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ጭቃ ፈትኑት። ከምትቆፍሩበት ቦታ ሁሉ ትንንሽ ቁራጮች ሠርታችሁ በ850፣ በ950፣ በ1050 እና በ1100 ዲግሪ ይቃጠሉ። የላቦራቶሪ ምድጃ ያለው ተቋም ቢገኝ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ኪቶ ፉርዲሳ የሚገኘውን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በደብዳቤ መጠየቅ ክፋት የለውም። ቁራጩ ደርቆ ይመዘን፣ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ይደር፣ እንደገና ይመዘን። ልዩነቱ ምን ያህል ውኃ እንደሚመጥ ይነግራችኋል፤ ርዝመቱ ምን ያህል እንዳጠረም ይለካ። የምትገዙት ምድጃ የሚደርስበት ከፍተኛ ሙቀት ለጭቃችሁ ተስማሚ ሆኖ ከተገኘው ሙቀት ከ100 እስከ 150 ዲግሪ ቢበልጥ ይበቃል።

እንጨት

እንጨትን ኋላ ቀር አድርጎ ማየት ስህተት ነው። የሜዳው እሳት ጉድለቱ ማገዶው ሳይሆን ግድግዳ አልባነቱ ነው። አብዛኛው ሙቀት በንፋስ ይሄዳል፤ እሳቱም በጣም ፈጥኖ ስለሚነሳ በደንብ ያልደረቀ ዕቃ በእንፋሎት ይፈነዳል። በጅማ ደግሞ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ1700 ሜትር በላይ ስለምትገኝ። ዕቃው ከ90 ዲግሪ በታች ለሰዓታት ካልቆየ ለፍንዳታ ይጋለጣል።

ቀላሉ የእንጨት ምድጃ እሳቱ ከታች፣ ዕቃው ከላይ የሆነ ክብ የጡብ ግድግዳ ነው። በመካከላቸው የተበሳሳ ወለል ይኖራል፤ አናቱ በገል ይሸፈናል። እስከ 900 እና 950 ዲግሪ ለመድረስ ተራው ቀይ ጡብ ይበቃል፤ ከ1100 አካባቢ ጀምሮ ግን ይለሰልሳል። የሚያያዝበት ጭቃ አሸዋ የገባበት የሸክላ አፈር ይሁን። ሲሚንቶ እሳት በሚነካው ክፍል አይግባ፤ ሲግል ይበሰብሳል፣ ግድግዳውም ይላላል። የዚህ ምድጃ ጉድለት ታችኛው ክፍል ከላይኛው በሙቀት መብለጡ ነው። ልምድ ያላት ሸክላ ሠሪ ወፍራሙንና ሸካራውን ከታች፣ ጀበናውን ከላይ ደርድራ ታስተካክለዋለች። ይህን ዕውቀት ለያዙ ሴቶች ለዘመናት የተሰጠው ክብር ሳይሆን ንቀት ነበር። በጋራ ማምረቻ ውስጥ እሳቱን የሚያዩት እነሱ እንዲሆኑ፣ ለዚህም እንዲከፈላቸው ማድረግ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ማገዶው ከየት ይመጣል? የበለጤ ገራ ጫካ ያለበት አገር ውስጥ ሆኖ የተፈጥሮ ደን ማቃጠል አይገባም፤ ባሕር ዛፍ ይገዛ። ከዚያም የተሻለ ነገር ጅማ ውስጥ አለ። የበርጩማና የቤት ዕቃ ሠሪዎች በየቀኑ የሚጥሉት ደረቅ ቁርጥራጭ ለሸክላ የሚፈለገው ዓይነት ቀጭንና ደረቅ ማገዶ ነው፤ ቀለምና ቫርኒሽ ያልነካው ብቻ ይለይ። የቡና ገለባም በመፈልፈያዎች ዙሪያ ተከምሮ ይገኛል። ጥሩ ይነዳል፤ ሁለት ነገር ግን ይታወቅ። እንደ እንጨት አይደረደርም፤ በማራገቢያ እየተነፋ ወይም በተንሸራታች መጋቢ በጥቂት በጥቂቱ ካልገባ ታፍኖ ይጨሳል። አመዱ ደግሞ በፖታሲየም የበለጸገ ነው፤ በከፍተኛ ሙቀት ጡቡን እያቀለጠ ይበላዋል። በ900 ዲግሪ ችግሩ ትንሽ ነው፤ በ1200 ምድጃ ያፈርሳል። ለማሞቂያ ጊዜና ለመካከለኛው ሙቀት ገለባ፣ ለመጨረሻው ግፊት እንጨት ብትጠቀሙ የሚስማማ ነው።

ጭሱን አትርሱ። ከተማ መካከል ከሆናችሁ ጎረቤት አለ፣ ልብስ የሚያሰጣ አለ። የእንጨት ምድጃ ለከተማው ጠርዝና ሰፊ ግቢ ላለው ይመቻል።

ጋዝ

እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ። የጋዝ ምድጃ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሙቀቱ በቶሎ ይወጣል፣ መብራት ቢጠፋም አይቆምም፣ በግሌዝ ቀለም ላይም ኤሌክትሪክ የማይሰጠውን ውጤት ይሰጣል። ችግሩ ጋዙ ራሱ ነው። ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ይጠፋል፣ ሲገኝም ዋጋው ይዘላል፤ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ነው ጅማ የሚደርሰው። 12.5 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር ወደ 160 ኪሎዋት ሰዓት የሚሆን ሙቀት አለው፤ ከዚህ ግማሹና ከዚያ በላይ ግን በጭስ ማውጫው ይወጣል። ትንሽ ሲሊንደር ብዙ ጋዝ በአንዴ ሲሳብበት ይቀዘቅዝና ግፊቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሦስት አራቱን አያይዞ ማቆም ያስፈልጋል። በጅማ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ማንደጃ ጥቀርሻ ያመጣል፤ ባለሙያ ማስተካከል አለበት።

ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሮቹ ከቤት ውጭ ይቀመጡ፤ እሳቱ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚዘጋ መሣሪያም የግድ ነው። ብዙ ሰው በሚገባበት፣ ተረኛው በሚቀያየርበት የጋራ ቦታ እኔ ጋዝን የምመርጠው ሌላው ሁሉ ሳይሆን ሲቀር ነው።

ኤሌክትሪክ

የኤሌክትሪክ ምድጃ ለጋራ ሥራ የሚስማማበት ዋና ምክንያት አንድ ሰው ዛሬ ያገኘውን ውጤት ሌላው በሚቀጥለው ሳምንት መድገም መቻሉ ነው። ሙቀቱን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ኮንትሮለሩ፣ በሰዓት ስንት ዲግሪ እንደሚጨምር ይታዘዛል፤ በ573 ዲግሪ አካባቢ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በድንገት መጠኑን በሚለውጥበት ቦታ፣ ቀስ እንዲል ይደረጋል። በሐምሌና በነሐሴም ይሠራል። የጅማ ዝናብ ከመጋቢት እስከ መስከረም በሚዘልቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል ገበያ የሚቀርብ ጀበና የሚቃጠለው በዚያ ሰሞን ነው።

ነገር ግን ምድጃው እንደ መስመሩ ነው። ሻጩ ካታሎግ ላይ ያለው ኃይል በተጻፈው ቮልቴጅ ብቻ የሚገኝ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ኃይሉ በእጥፍ ፍጥነት ይወርዳል። ለ230 ቮልት የተሠራ 9 ኪሎዋት ምድጃ መስመሩ 200 ቮልት ሲሆን የሚሰጠው 6.8 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ሦስት አራተኛው። ዕቃው ሰዓታት ይቆጥርና ከታሰበው ሙቀት ሳይደርስ ሊቆም ይችላል። ከአሜሪካ በስጦታ የሚመጡት ብዙዎቹ ለ240፣ ለ208 ወይም ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው፤ በ220 ቮልት የ240ው ኃይል ወደ 84 ከመቶ ዝቅ ይላል፤ የ120ው እዚህ መስመር ላይ ቢገባ ወዲያው ይቃጠላል፤ የ208ውም ከልኩ በላይ ኃይል ስለሚስብ ረዚስታንሱ ሳይቀየር አይሰካም።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መልቲሜትር ይዞ የሚመጣ ኤሌክትሪሺያን አንድ ሳምንት ሙሉ በተለያየ ሰዓት መስመራችሁን ይለካ። በተለይ ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚያበስልበት ጊዜ። ዝቅተኛውን ቁጥር ጽፋችሁ ለአቅራቢው ስጡትና ረዚስታንሱ በዚያ ቮልቴጅ እንዲጠመጠም ጠይቁ። ለ9 ኪሎዋት የሚበቃ ስታቢላይዘር ከምድጃው ዋጋ ጋር የሚፎካከር ነው፤ ጀነሬተርም እንዲሁ። ሁለቱንም ለዚህ ሥራ አልመክርም። ለምድጃው የተሻለ ሰዓት መምረጥ ነጻ ነው።

ሲንግል ፌዝ ወይስ ሦስት ፌዝ? 9 ኪሎዋት በ220 ቮልት ሲንግል ፌዝ 41 አምፔር ይስባል፤ ይህ ለሰዓታት የሚቆይ ጭነት ነው፣ ወፍራም ኬብልና ለብቻው ቆጣሪ ይጠይቃል። ያው 9 ኪሎዋት በ380 ቮልት በሦስት ፌዝ ሲካፈል በእያንዳንዱ መስመር 14 አምፔር ያህል ብቻ ነው። ለሰፈሩ ትራንስፎርመርም ለጎረቤትም ይህ ይሻላል። እስከ 60 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ምድጃ በሲንግል ፌዝ ይሄዳል፤ ከ100 ሊትር በላይ ከሆነ ያለ ሦስት ፌዝ አትጀምሩ። የሼዱ መስመር ምን እንደሆነ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ጠይቁ፤ የኃይል ጭማሪ ጥያቄ ጊዜ ይወስዳል። ቆጣሪው ሳይፈቀድ ምድጃ አይታዘዝ። ምድጃው መጥቶ ኬብል እየጠበቀ በእርጥበት የሚበላበት ሁኔታ በጣም ያሳዝናል።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ? እንደሚፈራው አይደለም። እስከ 500 ዲግሪ ባለው ጊዜ ከሆነ በሩን ሳይከፍቱ ጠብቆ መቀጠል ይቻላል። ከዚያ በላይም ቢሆን በአብዛኛው ዕቃው አይበላሽም፤ እንደገና ይቃጠላል። ስትገዙ ኮንትሮለሩ ኃይል ሲመለስ ከቆመበት የሚቀጥል መሆኑን ጠይቁ። ኮን የሚባሉት የሸክላ ምልክቶች ደግሞ እዚህ ላይ ዋጋቸው ይታያል፤ ቴርሞኮፕል የሚባለው ሙቀት መለኪያ የሚለካው የአየሩን ሙቀት ነው፣ ኮን ግን ሙቀትና ጊዜ ተደምረው ሲሠሩበት ጎንበስ ይላል፤ መብራት ስንት ጊዜ ቢቋረጥም እውነቱን ይናገራል።

ረዚስታንስ ያልቃል። በ1000 ዲግሪ የሚሠራ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ በ1220 የሚሠራ በጣም ቶሎ ያልቃል። ጅማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ረዚስታንስ የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም የምጣድ ሽቦ ለሸክላ ምድጃ አይሆንም፤ ካንታል ኤ-1 የተባለው ወይም ተመሳሳዩ ያስፈልጋል። ከምድጃው ጋር አንድ ሙሉ ትርፍ ረዚስታንስና አንድ ቴርሞኮፕል አብሮ ይገዛ፤ ይህን ሳያካትት የሚሰጥ ፕሮፎርማ ሙሉ ዋጋ አይደለም። አንዴ የጋለ ካንታል ሲበርድ ስለሚሰባበር በፒንሳ ሊያቀኑት አይሞከር።

መጠንና ቅርጽ

ሜትር ይዛችሁ ወደ ምጣዳችሁ ሂዱ። የእንጀራ ምጣድ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ገበያ ላይ በብዛት የሚታየው ክብ ምድጃ ውስጡ 58 ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ሙሉ የምርት ዓይነት ታስቀራለች። ምጣድ የዋና ገቢያችሁ ምንጭ ከሆነ ውስጡ 70 የሚሆነውን ጠይቁ፤ አለዚያ ምጣዱ በእንጨቱ ምድጃ ይቆይ። በቁም አስደግፎ ማቃጠል ያጣምመዋል።

ከላይ የሚከፈተው ምድጃ ርካሽና ቀላል ነው፤ ከፊት የሚከፈተው ይከብዳል፣ ይወደዳል። እኔ ለጋራ ቦታ ከፊት ለሚከፈተው አደላለሁ። ምክንያቱም የሚጭኑት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ በመካከላቸው ነፍሰ ጡርም፣ ወገባቸው የደከመ እናቶችም አሉ። ጥልቅ ምድጃ ውስጥ ተጎንብሶ ከባድ መደርደሪያ ማውረድ ለእነሱ አይገባም። ገንዘቡ ካልበቃ ጥልቀቱ ከ55 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ከላይ የሚከፈት ይፈለግ።

አንድ 200 ሊትር ወይስ ሁለት 100 ሊትር? ሁለቱ ይወደዳሉ፤ ግን አንዱ ሲበላሽ ሥራ አይቆምም፣ የጀበናውና የግሌዙ ቃጠሎም አይጠባበቁም። ትልቁ ምድጃ እስኪሞላ ድረስ የአንዲቱ ሴት ዕቃ ሦስት ሳምንት ሊቆም ይችላል፤ ለዕለት ገቢ የምትሠራ ሰው ያን ያህል መጠበቅ አትችልም። አባላቱ ከስምንት በላይ ከሆኑ ሁለቱን እመርጣለሁ።

አዲስ፣ አገር ውስጥ የተሠራ፣ ያገለገለ

ከውጭ የሚመጣ አዲስ ምድጃ ጥራቱ የታወቀ ነው፤ ዋጋው ግን በውጭ ምንዛሪ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በብር የተሰጠ ፕሮፎርማ ለረጅም ጊዜ አይጸናም፤ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበት ይሰጥ። ዋጋው ጅቡቲ ድረስ ነው ወይስ ሞጆ ደረቅ ወደብ? ቀረጥና ቫት ማን ይከፍላል? ከአዲስ አበባ ጅማ በጊቤ በረሃ በኩል የሚያጓጉዘው ማን ነው? የምድጃው ግድግዳ የሚሠራበት ነጭ ቀላል ጡብ በእጅ ጥፍር የሚፋቅ ለስላሳ ነገር ስለሆነ በመንገድ ላይ ይሰነጠቃል፤ ሲደርስ በሻጩ ወይም በወኪሉ ፊት ይከፈት፣ ፎቶ ይነሳ።

አገር ውስጥ የሚሠራው ይረክሳል፣ ሠሪውም ሲጠሩት ይመጣል። እዚህ ላይ ቁልፉ ጥያቄ ጡቡና ሽቦው ምንድን ነው የሚለው ነው። ግድግዳው ቢያንስ 11 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቀላል የእሳት ጡብ ይሁን፤ ከኋላው ሌላ የሙቀት መከላከያ ቢጨመር ይመረጣል። ሴራሚክ ብርድ ልብስ በሚባለው ጨርቅ መሰል የሙቀት መከላከያ ብቻ የተሠራው ቶሎ ይግላል፣ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል፤ ነገር ግን ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው፣ ብዙ ሰው በሚነካካው ቦታ ባይሆን ደስ ይለኛል። ክፍያውን በሦስት ከፍላችሁ የመጨረሻውን የሚወስደው ጅማ ውስጥ፣ በእናንተ መስመር፣ ሞልቶ 1050 ዲግሪ ካደረሰ በኋላ ይሁን።

ያገለገለ ወይም በእርዳታ የመጣ ሲሆን ከሁሉ በፊት የብረት ሰሌዳውን አንብቡ፤ ቮልቱ፣ ኪሎዋቱ፣ ፌዙ። ከዚያ ረዚስታንሱን በመልቲሜትር ለኩ። 9 ኪሎዋት በ220 ቮልት ሲንግል ፌዝ ከሆነ ጠቅላላው 5.4 ኦም መሆን አለበት፤ ከ10 በመቶ በላይ ጨምሮ 6 እና ከዚያ በላይ ካሳየ አልቋል። ረዚስታንሱ በተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ የቀለጠ ግሌዝ፣ ከቦታው የወጣ ጥምጥም፣ በክዳኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሄደ ስንጥቅ ካለ ዋጋው ይውረድ። ፀጉር መሳይ ስንጥቆች ግን በሁሉም ላይ አሉ፤ አያስፈሩ።

ሲተከል

ወለሉ ሲሚንቶ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ይሁን። ምድጃው ከግድግዳ ሁሉ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ጭቃና እንጨት ግድግዳ ከሆነ ከዚያም በላይ። ከአናቱ ላይ የጨርቅ ወይም የችፑድ ኮርኒስ አይኑር፤ ቆርቆሮው ብቻ ይበቃል፣ ማፍሰሱ ግን ይፈተሽ። ጅማ ውስጥ የምድጃ ጠላት እሳት ሳይሆን እርጥበት ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ የኮንትሮለሩ ሰሌዳና የሽቦ መጋጠሚያዎቹ በዝገት ይበላሉ። ኮንትሮለሩ ከምድጃው ገላ ተለይቶ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ በክረምት ደግሞ ምድጃው ሳይሠራ ከሁለት ሳምንት በላይ ባይቆይ ጥሩ ነው።

ሼዱን ከእንጨት ሠሪዎች ጋር የምትጋሩ ከሆነ በመካከል እስከ ጣሪያ የሚደርስ የብሎኬት ግድግዳ ይሠራ። የሰጋቱራ ብናኝና የጋለ ምድጃ በአንድ ክፍል አይኖሩም።

ሸክላ ሲቃጠል ካርቦን ሞኖክሳይድና የሰልፈር ጋዝ ያወጣል፤ ሽታ የሌለው የመጀመሪያው ይገድላል። በሁለት ተቃራኒ ግድግዳዎች ከታችና ከላይ መስኮት ይኑር፤ ከተቻለ ከምድጃው ሥር አየር ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ይገጠም። ማታ ጠባቂ እዚያ ክፍል ውስጥ አይተኛ። በቀዳዳው ወደ ውስጥ የሚያይ ሰው የበያጅ መነጽር ያድርግ፣ ነጠላዋን ያጣፋች ሴትም ጫፉን ታስር።

ኬብሉ ከብሬከሩ እስከ ምድጃው አንድ ወጥ ይሁን፣ ቅጥልጥልና ኤክስቴንሽን አይፈቀድም። ለ41 አምፔር ሲንግል ፌዝ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብና 63 አምፔር ብሬከር፣ ለሦስት ፌዙ 4 ካሬና 20 አምፔር ጥሩ መነሻ ነው፤ ርቀቱ ሲረዝም ኬብሉ ይወፍራል። ኧርዝ ሳይኖር ምድጃ አይነካ። ይህን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ነው።

የምድጃውን ትርፍ ሙቀትም ተጠቀሙበት። በክረምት ትልቁ ችግር ማቃጠል ሳይሆን ማድረቅ ነው፤ ከምድጃው ክፍል ቀጥሎ መደርደሪያ ያለው ጠባብ የማድረቂያ ክፍል ቢሠራ አንዱ ቃጠሎ ለቀጣዩ ዕቃ ያደርቃል።

ክፍያና ተራ

በፍሬ ማስከፈል ጠብ ያመጣል፤ ጀበናና ሲኒ እኩል አይደሉም። በያዘው የመደርደሪያ ቦታ ይከፈል። 9 ኪሎዋት ምድጃ 9 ሰዓት ሠርቶ በአማካይ ከኃይሉ 60 በመቶ ቢወስድ ወደ 49 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ያንን በቢላችሁ ላይ ባለው ታሪፍ አባዙት። ታሪፉ ስለሚሻሻል ስሌቱ በየሩብ ዓመቱ ይታይ። በዚያ ላይ ለረዚስታንስና ለመደርደሪያ መተኪያ ከኤሌክትሪኩ ወጪ ግማሽ የሚያህል ተጨምሮ ለብቻው ሒሳብ ይቀመጥ፤ ይህ ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ አይነካ። ምድጃውን የሚያበሩት የሠለጠኑ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ብቻ ይሁኑ፤ ቁልፉም እነሱ ጋ ይቆይ።

ለማን የትኛው

ሥራችሁ ድስት፣ ምጣድና ጥቁር ጀበና ብቻ ከሆነ፣ ቦታችሁም ከከተማው ወጣ ያለ ከሆነ፣ የጡብ የእንጨት ምድጃ ሥሩና የቀረውን ገንዘብ ለማድረቂያ ቤትና ለጣሪያ አውሉት። ወጣቶች የሚሠለጥኑበት፣ ለካፌ ሲኒና ሳህን የሚሠራበት ከሆነ ኤሌክትሪኩ ይቅደም፤ ሦስት ፌዝ እስኪገባ ድረስ 60 ሊትር የሚይዝ ትንሽ ምድጃ ማስጀመሪያ ይሆናል፣ በኋላም ለሙከራ ያገለግላል። ሁለቱም ዓይነት አባላት ካሉ ሁለቱም ምድጃዎች ይኑሩ፤ ግን በተመሳሳይ ዓመት መሆን የለበትም። እንጨቱ በጥቂት ወጪ ስለሚቆም መጀመሪያ እሱ ተሠርቶ ገቢ ይጀምር፣ የቆጣሪው ጥያቄም በዚያው ጊዜ ይግባ።

ምድጃው ሲተከል የመጀመሪያው ቃጠሎ ባዶውን ነው። መደርደሪያዎቹ በካኦሊንና በአሉሚና ቅብ ተቀብተው ይግቡ፤ ሙቀቱ በሰዓት ከ100 ዲግሪ ሳይበልጥ ቀስ እያለ ወደ 1050 ይውጣ፤ ጡቡ የያዘው እርጥበት ይወጣል፣ ረዚስታንሱም የኦክሳይድ ሽፋኑን ያበጃል። ከ100 ዲግሪ በታች እስኪበርድ አይከፈት። በሁለተኛው ቃጠሎ ብዙ የማያስቆጭ ዕቃ ተጭኖ ከታች፣ ከመካከልና ከላይ ኮን ይቀመጥ፤ የሦስቱ ልዩነት ምድጃው የት እንደሚበርድ ያሳያል። ቆጣሪው ሲጀመርና ሲያበቃ ይነበብና መዝገብ ላይ ይጻፍ፤ የአባላቱ የመጀመሪያ ክፍያ የሚተመነው ከዚያ ንባብ ነው።